ዶኪንጉ ጥሩ ነጥብ ሰጠ፤ ታዲያ ምን ነገረን?

ለሲኒየር ፕሮጀክት ዶኪንግ የምንሠራ ተማሪዎች ውጤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የምናየው ነጥቡን ነው። «-9 ሰጠኝ እኮ!» እንባባላለን። ፕሮግራሙ የሃይድሮጅን ቦንዱን፣ የቫን ደር ዋልሱን፣ ሌላውንም ደምሮ ሞለኪውሉ ምን ያህል ጠብቆ እንደሚያያዝ ይገምታል። ግን መያያዝ አንድ ነገር ነው፤ ከተያያዘ በኋላ የሚሆነው ሌላ። የኢስትሮጅን ሪሴፕተር አልፋን ወስጄ ላስረዳ።

ኤስትራዲዮል ኪሱ ውስጥ ሲገባ የፌኖሉ ሃይድሮክሲል ከግሉታሜት 353 እና ከአርጂኒን 394፣ የሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከሂስቲዲን 524 ጋር ሃይድሮጅን ቦንድ ይሠራል። ከዚያ 12ኛው ሄሊክስ እንደ ክዳን ግጥም ብሎ ይዘጋል፤ ኮአክቲቬተር የሚባሉት ፕሮቲኖች የሚያርፉበት ቦታም ይመቻቻል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ታሞክሲፌን (ጉበት ውስጥ ወደ 4-ሃይድሮክሲታሞክሲፌን ተለውጦ) ያንኑ ኪስ ይይዛል፤ እነዚያኑ 353ን እና 394ን ይጨብጣል። ልዩነቱ ጅራቱ ነው። አሚን ያለበት ረጅም ጅራቱ በአስፓርቴት 351 በኩል ወደ ውጭ ስለሚወጣ ክዳኑ አይገጥምም፤ ጭራሽ 12ኛው ሄሊክስ ዞሮ የኮአክቲቬተሩን ቦታ ራሱ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው የክሪስታል ስትራክቸር ላይ ይህ በግልጽ ይታያል።

አውቶዶክም ሆነ ቪና በተለመደው አጠቃቀም ፕሮቲኑን ድርቅ አድርገው ይይዙታል፤ የሚገላበጠው ሊጋንዱ ብቻ ነው። ክዳኑ የተዘጋውን ስትራክቸር ከሰጠናቸው ለታሞክሲፌን ጅራት ቦታ የለም፤ የታወቀው መድኃኒት መጥፎ ነጥብ ይዞ ሊወጣ ይችላል። የተከፈተውን ስንሰጣቸው ደግሞ ኤስትራዲዮልም ይገባል። የትኛው አስነሺ፣ የትኛው አጋጅ እንደሆነ ነጥቡ አይናገርም።

ለዚህ ነው «የተክሉ ፍላቮኖይድ ጥሩ ነጥብ ስላገኘ የጡት ካንሰርን ያግዳል» የሚለው ድምዳሜ የሚያስፈራኝ። የአኩሪ አተሩ ጄኒስታይን ከዚሁ ሪሴፕተር ጋር ይያያዛል፤ ነገር ግን በዝቅተኛ መጠን ኤምሲኤፍ-7 የተባሉትን የጡት ካንሰር ሴሎች ያባዛል። ታሞክሲፌንም ቢሆን ጡት ላይ አጋጅ፣ ማህፀን ላይ ግን አስነሺ ጠባይ አለው፤ ይህ የሚወሰነው በሴሉ ውስጥ ባሉት ሌሎች ፕሮቲኖች ስለሆነ ዶኪንግ ከቶ አያየውም።

ስለዚህ እኔ ሁለቱንም ስትራክቸር እጠቀማለሁ። አስቀድሜም የክሪስታሉን ሊጋንድ አውጥቼ መልሼ አስገባለሁ፤ ከነበረበት ቦታ ከ2 አንግስትሮም በላይ ከራቀ ወደ አዲስ ሞለኪውል አልሄድም። የደረጃው ነገርም አለ፦ በክፍል ሙቀት 1.4 ኪሎካሎሪ በሞል የ10 እጥፍ የመያያዝ ልዩነት ነው፤ የእነዚህ ፕሮግራሞች ስህተት ደግሞ ከ2 ኪሎካሎሪ ያልፋል። -9.1ን አንደኛ፣ -8.8ን ሁለተኛ ብሎ ሰንጠረዥ ማውጣት ትርጉም የለውም።