ማመልከቻውን ማን ያነበዋል? ወጪውንስ ማን ይከፍላል?

በአያቶቻችን ዘመን ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሚሄድ ወጣት ማመልከቻ ልኮ መልስ የሚጠባበቅ አልነበረም፤ መንግሥት መርጦ ይልከው ነበር እንጂ። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተላኩት አንዱ የነበሩት ዶክተር መላኩ በያን በኦሃዮ በመስኪንገም ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1935 እ.ኤ.አ. በሕክምና ተመርቀዋል። የላካቸው መንግሥት ስለ ማንነታቸው ምስክር ነበረ። የዛሬው ወጣት ግን ራሱ አመልካች፣ ራሱም ምስክር ሆኖ መቅረብ አለበት።

ይህን ጉዳይ ከጓደኞቻችን ጋር ባነሳን ቁጥር መጀመሪያ የምንሰማው ጥያቄ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ዝነኛ ነው?» የሚል ነው። እኛ ግን ከዚህ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ እንላለን። እነርሱም ማመልከቻውን የሚያነበው ማን ነው? ወጪውንስ የሚከፍለው ማን ነው? የሚሉት ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ አንባቢው እንናገር። በአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ታይቶ ተማሪው ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይመደባል። በአሜሪካ ግን እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ምደባ የለም፤ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን የሚመርጠው ራሱ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. 15 ኮሌጆች ተስማምተው የጀመሩትን ኮመን አፕሊኬሽን የተባለውን የጋራ ቅጽ ዛሬ ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ይቀበሉታል። ቅጹ አንድ ይሁን እንጂ ፍርዱ የየትምህርት ቤቱ ነው። የክፍል ውጤት፣ የመምህራን ደብዳቤና ተማሪው ስለ ራሱ የጻፈው ድርሰት በአንድነት ይመረመራሉ።

የሚመረምረው ሰው ግን ኢትዮጵያን ጨርሶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ማስረጃው በእኛ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ፣ አንባቢው «ይህ ልጅ ስምንት ዓመት ምን ሲሠራ ኖረ?» ብሎ ይደነቃል። እንደዚሁም በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ፈተና 70 ከመቶ ያገኘ ተማሪ ከብዙ ሺህ የተለየ ነው፤ በአሜሪካ የክፍል ማርክ ልማድ ግን 70 መካከለኛ ውጤት ነው። ይህን የሚያስረዳ ከሌለ ጎበዙ ልጅ እንደ ሰነፍ ሊቆጠር ነው። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ ወይም አማካሪው በሚልኩት ደብዳቤ የዘመኑን ልዩነት፣ የፈተናውን ክብደትና የተማሪውን ደረጃ መግለጽ ይገባቸዋል። ስምም ቢሆን በቅጹ፣ በማስረጃውና በፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፍ አለበት።

ስለ ድርሰቱ ደግሞ ምክራችን አጭር ነው፤ ሰው አይጻፍልዎ። የተገዛ ድርሰት የታወቀ እንደሆነ የተሰጠ ቅበላ እንኳ ሊሰረዝ ይችላል። «እኔ ክበብ አልመራሁ፣ ሽልማት አልተሸለምሁ፣ ምን እጽፋለሁ?» የሚል ብዙ ነው። ነገር ግን ያ የጋራ ቅጽ የቤተ ሰብ ኃላፊነትን የሚያስመዘግብ ቦታ አለው። ከትምህርት መልስ የእናቱን ሱቅ ሒሳብ የሚይዝ ልጅ ያን ሥራውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ቢጽፍ ከተዋሰው ትልቅ ቃል ይልቅ ይጠቅመዋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። የአሜሪካ መንግሥት ለገዛ ዜጎቹ የሚሰጠው የትምህርት ርዳታ ከውጭ አገር ለሚሄድ ተማሪ አይደርስም። እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ. እና አምኸርስት ያሉ ጥቂቶች የውጭ አገሩን ተማሪ ሲመርጡ የመክፈል ችሎታውን አይመለከቱም፤ ዳርትመዝም በ2022 እ.ኤ.አ. ተከትሏቸዋል። ይሁን እንጂ የእነዚህ በር ጠባብ ነው። ከቀሩት ብዙዎቹ «ይህ ልጅ ይከፍላልን?» የሚለውን ከምርጫው ጋር አብረው ይመዝናሉ። ከተመረጠም በኋላ አይ-20 የተባለውን የቪዛ መጠየቂያ ወረቀት የሚሰጡት የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከየት እንደሚመጣ በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው። «እየሠራሁ እከፍላለሁ» ማለትም አያዋጣም፤ በትምህርት ወራት ተማሪው በግቢው ውስጥ እንዲሠራ የሚፈቀድለት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

በመሥሪያ ቤት ያሉ ወጣት ሹማምንትም ይህንኑ ልብ ይበሉ። ለማስተርስ የሚያመለክት ሰው ብዙውን ጊዜ ከኪሱ እንዲከፍል ይጠየቃል፤ በዶክትሬት ግን ብዙ ክፍሎች ተማሪውን በማስተማር ወይም በምርምር እያሠሩ ወጪውን ይሸፍኑለታል። በ1946 እ.ኤ.አ. በሕግ የተቋቋመው የፉልብራይት ስኮላርሺፕም ሊሞከር የሚገባው ነው።

ጊዜውም አይዘንጋ። ቀደም ብለው የሚያመለክቱበት ቀን በብዙ ቦታ ኅዳር 1 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ይህም በእኛ ጥቅምት 22 ላይ ይውላል። የመደበኛው ማመልከቻ ጊዜ የሚያበቃው በብዙዎቹ ዘንድ በታኅሣሥ መጨረሻ ግድም ነው። እንደ ቶፍል ያለ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ በአንዳንዶቹ ዘንድም ኤስ.ኤ.ቲ. ይጠየቃል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ግድም ፈተናውን ትተው ከነበሩት ኤም.አይ.ቲ. በ2022፣ ሃርቫርድ በ2024 መልሰውታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና አንድ ዓመት አስቀድሞ መጀመር ይበጃል። የማመልከቻው ክፍያ የሚከብደው ሰው ዩኒቨርሲቲውን «ይማሩኝ» ብሎ በደብዳቤ መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ነውር አይደለም።

በመጨረሻ «ቅበላውንም ቪዛውንም እኔ አስጨርሳለሁ» ስለሚለው ደላላ አንድ ቃል እንናገር። ቅበላውን የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው፣ ቪዛውን የሚወስነው የቆንስላው ሹም ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ቪዛ ጠያቂው ሄዶ የሚቀር ነው ብሎ አስቀድሞ ይገምታል፤ እንደማይቀር የማስረዳቱ ሸክም የጠያቂው ብቻ እንጂ የደላላው አይደለም። ምክር ለሚሻ ሰው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኤጁኬሽንዩኤስኤ በሚል ስም የሚያካሂደው የምክር አገልግሎት አለ።

እንግዲህ አባት ከብቱን ወይም ቦታውን ከመሸጡ በፊት፣ ልጅም ከሥራው ከመሰናበቱ በፊት፣ እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈው መልሳቸውን ከጎናቸው ያስፍሩ። መልስ የጠፋበት ቦታ ካለ ገንዘቡ ከኪስ መውጣት የለበትም። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ወጪ የአንድ ወረቀት ዋጋ ብቻ ነው።