ተራ ቁጥርና ታርጋ፦ ኮምፒዩተር ለመድረክ መብራት መቆጣጠሪያ በር የሚመድበው እንዴት ነው?

የወላጆች ቀን ደርሶ፣ ተማሪዎች ድራማቸውን አጥንተው፣ አዳራሹም ጢም ብሎ ሞልቶ፣ የመድረኩ መብራት እምቢ ቢል ምን ይባላል? ወዲያው የሚባለው «ዕቃው ተበላሽቷል» ነው። በማግስቱ ዕቃው በፌስታል ተጠቅልሎ ንብረት ክፍል ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ዕቃው ግን አንዳችም ያልጎደለው ደህና ዕቃ ሊሆን ይችላል። ተለውጦ የተገኘው ኮምፒዩተሩ የሰጠው ቁጥር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ነገ ተመርቀን በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ የሚኒ ሚዲያውና የድራማ ክበቡ ኃላፊነት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለአዲስ መምህር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለሆነም ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ከአሁኑ ማወቁ ይጠቅማል በሚል በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ማለት እወዳለሁ።

ሀ/ መብራቱና ኮምፒዩተሩ በምን ይነጋገራሉ?

የመድረክ መብራቶች በአብዛኛው የሚታዘዙት ዲኤምኤክስ 512 በሚባል ደንብ ነው። ደንቡን እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የአሜሪካ የቴአትር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም.፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ሲከፈቱ እንዲህ ያለ የጋራ ቋንቋ በዓለም ላይ አልነበረም። ከደንቡ በፊት ፋብሪካዎች የየራሳቸውን ዘዴ ይጠቀሙ ስለነበር የአንዱ ፋብሪካ መቆጣጠሪያ የሌላውን መብራት ማዘዝ ይቸግረው ነበር።

512 የሚለው ቁጥር በአንድ መስመር የሚላኩትን ትእዛዞች ብዛት ያመለክታል። እያንዳንዱ ትእዛዝ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቁጥር ነው፤ 0 ማለት ጥፋ፣ 255 ማለት ሙሉ በሙሉ ብራ ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ያለው አንድ መብራት መነሻ አድራሻው 10 ቢሆን 10ኛውን፣ 11ኛውንና 12ኛውን ትእዛዝ ለራሱ ይወስዳል። ቀዩን 255፣ አረንጓዴውን 255፣ ሰማያዊውን 0 አድርገን ብንልክ ቢጫ ብርሃን እናገኛለን። (የሳይንስ መምህር ለሚሆን ይህ ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃው ትምህርት ነው።)

ፍጥነቱስ? በሴኮንድ 250,000 ቢት ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ 11 ቢት ይፈጃል፤ ይኸውም አንድ መነሻ፣ ስምንት መልእክት፣ ሁለት መዝጊያ ነው። ይህም 44 ማይክሮሴኮንድ ይሆናል። 512ቱ ትእዛዞችና ከፊታቸው የሚቀድመው አንድ የመክፈቻ ቁጥር ሲደመሩ 513 ናቸው፤ 513 በ44 ሲባዛ 22,572 ማይክሮሴኮንድ ይመጣል። ስለዚህ መስመሩ ሞልቶ እንኳ መብራቶቹ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ወደ 44 ጊዜ ያህል ትእዛዝ ይደርሳቸዋል ማለት ነው።

የድሮ ኮምፒዩተሮች ከጀርባቸው ባለ ዘጠኝ እግር ሲሪያል ፖርት ነበራቸው፤ መልእክትን በነጠላ ሰልፍ፣ ቢት ከቢት ኋላ የሚያወጣ በር ነው። የእነዚያ የተለመደው ከፍተኛ ፍጥነት በሴኮንድ 115,200 ቢት ስለነበር ለዲኤምኤክስ አይበቃም። ዛሬ ደግሞ አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ያ በር ከነጭራሹ የላቸውም፤ ያላቸው የመጀመሪያ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ዩኤስቢ ነው። እንግዲህ በሁለቱ መካከል የሚገባው መለወጫ (ኮንቨርተር) የሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው። በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ በሌላው ጫፉ ወደ መብራቱ የሚሄደው ገመድ ይሰካበታል። በሆዱ ውስጥ አንድ ቺፕ አለ፤ ከእነዚህ የታወቁት ኤፍቲዲአይ የተባለው የስኮትላንድ ኩባንያ የሚሠራው ኤፍቲ 232 እና ቻይና ውስጥ የሚሠራው ሲኤች 340 ናቸው።

ለ/ ዕቃው ሲሰካ ምን ይሆናል?

መለወጫው ሲሰካ ኮምፒዩተሩ «እንግዳ መጣ» የሚል ምልክት ይደርሰዋል። አዲስ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ አድራሻው ዜሮ ነው። ኮምፒዩተሩ ከ1 እስከ 127 ካሉት አንዱን አድራሻ ይሰጠውና ይጠይቀዋል፦ «ማን ሠራህ? ምን ዓይነት ዕቃ ነህ? የራስህ መለያ ቁጥር አለህ?»

ዕቃው የሠሪውን ቁጥርና የዓይነቱን ቁጥር ይናገራል። ለምሳሌ የኤፍቲዲአይ የሠሪ ቁጥር 0403 ነው፤ የሲኤች 340 ደግሞ 1ኤ86 ነው። ከዚያም ካለው የገዛ ራሱን መለያ ቁጥር (ሲሪያል ነምበር) ይናገራል። «ካለው» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኤፍቲ 232 በአብዛኛው መለያ ቁጥር ተጽፎበት ይመጣል፤ ሲኤች 340 ግን በአብዛኛው የለውም። የችግሩ ግማሽ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒዩተሩ ይህን ሰምቶ ለዕቃው የሚስማማውን ድራይቨር ይፈልጋል። ድራይቨሩም ዩኤስቢውን እንደ ድሮው ሲሪያል ፖርት አስመስሎ ለፕሮግራሞች ያቀርባል። በር ከሆነ ደግሞ ስም ያስፈልገዋልና በመጨረሻ ስም ይሰጠዋል፤ በዊንዶውስ «ኮም 3»፣ «ኮም 4» እየተባለ ይቀጥላል። የመብራት ፕሮግራሙ ይህን ስም ይይዝና ነገም ሌላ ሳይጠይቅ «ኮም 3» ብሎ ይጣራል። ታዲያ ነገ ዕቃው ኮም 5 ሆኖ ቢገኝስ? ፕሮግራሙ ይጣራል፣ መልስ የሚሰጠው የለም፣ መድረኩም ጨለማ ይሆናል።

ሐ/ የመናኸሪያው ምሳሌ

ከቡኢ ወደ ቡታጅራም ሆነ ወደ አዲስ አበባ የተሳፈረ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ ሚኒባስ ሁለት ቁጥር አለው ማለት ይቻላል። አንደኛው ታርጋው ነው፤ የትም ቢሄድ አይለወጥም። ሁለተኛው ተራ አስከባሪው የሚሰጠው ተራ ነው። ዛሬ ሦስተኛ የነበረው መኪና ነገ አንደኛ ሊሆን ይችላል፤ ቡታጅራ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ተራ ይይዛል።

ሻንጣውን ያስጫነ መንገደኛ «ሻንጣዬ ያለው ሦስተኛው መኪና ላይ ነው» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ቢሄድ ሲመለስ ሦስተኛ ሆኖ የሚያገኘው ሌላ መኪና ነው። ታርጋውን የያዘ ግን አይጠፋበትም። «ኮም 3» ተራ ነው፤ መለያ ቁጥሩ ታርጋ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህችው ናት።

መ/ ሦስት ዓይነት ተራ አስከባሪ

ኮምፒዩተሮች ሁሉ ተራ የሚሰጡት በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም።

1ኛ. ዊንዶውስ መዝገብ ያዥ ነው። አንድ ዕቃ አንዴ ኮም 3 ከተባለ ዕቃው ተነቅሎ ቢሄድም ቦታው ተይዞለት ይቆያል። ታርጋ ያለው ዕቃ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ በየትኛውም ቀዳዳ ቢሰካ ያው ኮም 3 ይባላል። ታርጋ የሌለውን ግን ዊንዶውስ የሚያውቀው በተሰካበት ቀዳዳ ነው። ከግራው ነቅለን በቀኙ ብንሰካው «አዲስ ዕቃ መጣ» ብሎ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። በዚህ ዓይነት መዝገቡ በሌሉ ዕቃዎች ይሞላና ቁጥሩ ወደ ኮም 12፣ ኮም 15 ያድጋል። መዝገቡ እስከ 256 ይይዛል፤ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ግን ከኮም 9 በላይ ያለውን በር መክፈት አይችሉም። ዕቃው ደህና፣ ኮምፒዩተሩ ደህና፣ ሥራው ግን የለም!

2ኛ. ሊኑክስ እንደ አመጣጥ ተራ ይሰጣል። መጀመሪያ የተገኘው «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0»፣ ቀጥሎ የመጣው «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 1» ይባላል። ሁለት መለወጫዎች ተሰክተው ሳለ መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ቢመጣና ኮምፒዩተሩ እንደገና ቢነሣ ተራቸው ሊለዋወጥ ይችላል። ያን ጊዜ የግራው መድረክ ትእዛዝ ወደ ቀኙ ይሄዳል። ደግነቱ ሊኑክስ ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ዝርዝር ያዘጋጃል፤ «ባይ አይዲ» በተባለው ማኅደር ውስጥ እያንዳንዱ በር በሠሪው ስምና በመለያ ቁጥሩ ተመዝግቦ ይገኛል። ፕሮግራሙ በዚያ ስም እንዲጣራ ከተደረገ ተራው ቢለዋወጥም ግድ የለም።

3ኛ. ማክ ከመጀመሪያው ታርጋውን ራሱ ስም ያደርገዋል። ኤፍቲዲአይ ቺፕ ያለበት ዕቃ ሲሰካ በሩ የሚጠራው ከመለያ ቁጥሩ ጋር ነው። ታርጋ ለሌለው ግን ማክም ወደ ተሰካበት ቦታ ይመለሳል።

ሠ/ እንግዲህ ምን ይደረግ?

ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን ልናገር። መለወጫው «አይሠራም» ተብሎ ስምንት ወር ያህል ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አንድ መምህር አውጥተው ሰኩት፤ ኮም 11 ሆኖ ተገኘ፤ ፕሮግራሙ ግን ኮም 4 እያለ ይጣራ ነበር። ቁጥሩን ሲያስተካክሉት በራ። ገንዘብ አልወጣም፣ ዕቃም አልተገዛም። ስለሆነም ከመጣል በፊት የሚከተለውን በቅደም ተከተል ማየት ይበጃል።

አንደኛ፣ ገመዱን መመርመር። አንዳንድ የስልክ ቻርጀር ገመድ ኃይል ብቻ እንጂ መልእክት አያሳልፍም። በዚህ ገመድ የተሰካ መለወጫ የራሱ አምፖል ቢበራም ኮምፒዩተሩ ጨርሶ አያየውም።

ሁለተኛ፣ በዊንዶውስ «ዲቫይስ ማናጀር» የሚለውን ከፍቶ «ፖርትስ» በሚለው ሥር መመልከት። ዕቃውን ነቅሎ መልሶ ሲሰኩት ጠፍቶ የሚመጣው ስም የእርሱ ነው። ቢጫ ምልክት ካለበት የጎደለው ድራይቨር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩን ማስታረቅ። ወይ ፕሮግራሙ አዲሱን ቁጥር እንዲይዝ ማድረግ፣ ወይም በዚያው በዲቫይስ ማናጀር በዕቃው የላቀ ቅንብር ገብቶ የድሮውን ቁጥር መመለስ ነው። የድሮው ቁጥር ተይዟል ቢል የተደበቁ ዕቃዎችን የሚያሳየውን ትእዛዝ ሰጥቶ የሌሉትን ከመዝገብ መሰረዝ ይቻላል።

አራተኛ፣ በሩን ሌላ ፕሮግራም እንዳልያዘው ማረጋገጥ። ሲሪያል ፖርት ብዙውን ጊዜ እንደ ጠባብ በር በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ ከፍቶት ከሆነ ሁለተኛው «አልተፈቀደም» ይባላል። በሊኑክስ ደግሞ ተጠቃሚው በሩን ለመክፈት ፈቃድ ባለው ቡድን ውስጥ መመዝገብ ሊኖርበት ይችላል።

አምስተኛ፣ የመለወጫውን ዓይነት መለየት። እንደ ሲሪያል ፖርት የማይታዩ፣ ኮም ቁጥርም ጨርሶ የማይሰጣቸው መለወጫዎች አሉ። እነዚህን በፖርትስ ሥር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ፕሮግራሙ በሌላ መንገድ ነው የሚያገኛቸው።

ስድስተኛና ዋናው፣ ከወዲሁ መጻፍ ነው። ታርጋ የሌለው መለወጫ ሁልጊዜ በአንድ ቀዳዳ ይሰካ፤ በቀዳዳው ላይና በዕቃው ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ያለው ፕላስተር ይለጠፍ። ታርጋ ያለው ከሆነ መለያ ቁጥሩ በንብረት መዝገብ ላይ ይስፈር። ኮምፒዩተር በተለወጠ ጊዜ ቁጥሩ እንደሚለወጥም ለሚረከበው መምህር ተጽፎ ይተው። ይህ ሁሉ አንድ ገጽ ወረቀት አይሞላም።

ይህ ነገር ለመብራት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር አይደለም። ተማሪዎች ፕሮግራም የሚለማመዱባቸው እንደ አርዱይኖ ያሉ ሰሌዳዎችም ወደ ኮምፒዩተር የሚገቡት በዚሁ በር ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ዐሥር ተማሪዎች ዐሥር ሰሌዳ እየቀያየሩ ቢሰኩ ዐሥር ልዩ ልዩ ቁጥር ሊወጣ ይችላል። መምህሩ ምክንያቱን ካላወቀ ተማሪው «እኔ አልችልም» ብሎ ይቀመጣል። ይህ ከመብራቱ መጥፋት የባሰ ጉዳት ነው።

አባቶች «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ይላሉ። መለያ ቁጥር ከቤቱ ከፋብሪካው የወጣ ስም ነው፤ ኮም ቁጥር ግን ጎረቤቱ እንደ አመቸው የሰጠው ነው። ስለዚህ ዕቃው ሲጠሩት ዝም ካለ «ሞቷል» ከማለታችን በፊት በትክክለኛ ስሙ ጠርተነው እንደሆነ እንጠይቅ።