የኅብረት ስምምነትና የመንግሥት ጤና ሠራተኞች

በየካ ክፍለ ከተማ በግል ሆስፒታል የምትሠራ ነርስና በየካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል ያለች ባልደረባዋ የሌሊት ተረኝነታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ መብታቸው ግን ይለያያል።

የመጀመሪያዋ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቢያንስ 10 አባላት ባሉት የሠራተኛ ማኅበር አማካይነት ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ሙያ ደኅንነት ከአሠሪዋ ጋር ልትደራደር ትችላለች። የተፈረመው የኅብረት ስምምነት ሁለቱንም ወገኖች ያስገድዳል። (ሆስፒታል እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት በመሆኑ ሥራ ማቆም ግን አይፈቀድላትም፤ አለመግባባቱ ለወሳኝ ቦርድ ይቀርባል።)

ሁለተኛዋን አዋጁ አይመለከታትም፤ የተረኝነት ክፍያዋ በመመሪያ ይወሰናል። ሆኖም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው ለሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ለሆኑ የመንግሥት ሠራተኞችም በኅብረት የመደራደር መብት ሰጥቷል፤ ተጠቃሚዎቹን የመለየቱን ጉዳይ ግን ለዝርዝር ሕግ ትቶታል። የሙያ ማኅበራት ይህን ክፍተት አይሞሉም፤ ስለ ሙያው ይመክራሉ እንጂ አሠሪን የሚያስገድድ ስምምነት አይፈርሙም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ ባቆሙበት ጊዜ በስማቸው ተደራድሮ የሚፈርም የሠራተኛ ማኅበር አልነበራቸውም።