የሲጋር ጠባይና አያያዙ

ሲጋርን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የያዘ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፤ በየት በኩል ይቆረጣል፣ በምን ይለኮሳል፣ ጢሱ ወደ ሳንባ ይሳባል ወይስ በአፍ ውስጥ ብቻ ይቀራል፣ ሳይበላሽ ስንት ጊዜ ይቀመጣል፣ ከሩቅ አገር የሚመጣ መንገደኛስ በምን ዓይነት ዕቃ ይዞት ይጓዛል ይላል። ጥያቄዎቹ በቍጥር ቢበዙም ምንጫቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ሲጋር ተጠቅልሎ ካለቀ በኋላም እንኳ ካለበት አየር እርጥበትን የሚቀበል፣ አየሩ በደረቀ ጊዜም የተቀበለውን መልሶ የሚሰጥ ቅጠል መሆኑ ነው። ይህን አንድ ጠባዩን አጥርቶ የተረዳ ሰው የቀረውን ሁሉ በገዛ አእምሮው ሊደርስበት ይችላል፤ ያልተረዳ ግን እጅግ የተከበረውን የሐቫና ሥራ በብዙ ገንዘብ ገዝቶ በጥቂት ቀን ውስጥ አድርቆ ያጠፋዋል።

በእጅ የተሠራ ሲጋር በወረቀት ከሚጠቀለለው ከተለመደው ሲጋራ የሚለየው፣ ራሱን ከሚያሽገው ጥቂት የዕፅ ሙጫ በቀር ከጫፍ እስከ ጫፍ የትምባሆ ቅጠል ብቻ በመሆኑ ነው። ሦስት ክፍል አለው፤ ውስጡን የሚሞላው በኩባውያን አነጋገር ትሪፓ፣ ያንን አጥብቆ የሚይዘው ካፖቴ፣ በመጨረሻም ከላይ የሚለብሰውና ለዓይን የሚያምረው ካፓ ይባላል። ውስጡን የሚሞላውም ቢሆን አንድ ዓይነት ቅጠል አይደለም። ከተክሉ ግርጌ የሚለቀመው ቮላዶ ኃይሉ ለስላሳ ሆኖ እሳትን ቶሎ ይቀበላል፤ ከመካከሉ የሚለቀመው ሴኮ መዓዛን ይሰጣል፤ ፀሐይን አብዝቶ የሚያገኘው የራስጌው ቅጠል ሊኼሮ ግን ብርቱና ቀስ ብሎ የሚነድ ነው። አንዱ ሲጋር ለስላሳ፣ ሌላው ኃይለኛ የሚሆነው በእነዚህ ቅጠሎች ምጣኔ እንጂ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በቀለሙ ጥቁረት አይደለም።

ቅጠል ጠቅልሎ የማጨስን ልማድ ለዓለም ያስተማሩት የአሜሪካ ጥንተ ነዋሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1492 ክርስቶፎር ኮሎምቦስ ወደ ኩባ ደሴት በደረሰ ጊዜ የአገሩን ሁኔታ አይተው እንዲመለሱ የላካቸው ሮድሪጎ ዴ ኼሬዝና ልዊስ ዴ ቶሬስ፣ የታይኖ ሰዎች ቅጠል ጠቅልለው አንደኛውን ጫፍ ለኩሰው በሌላው በኩል ጢሱን ሲስቡ ተመልክተው ተመለሱ። ዛሬም ከሁሉ የላቀ ነው የሚባለው ቅጠል የሚበቅለው በዚያችው ደሴት ምዕራብ፣ በፒናር ዴል ሪዮ አውራጃ፣ ቩኤልታ አባሆ በተባለው ቀይ አፈር ላይ ነው። ለካፓ የታሰበው ተክል ቅጠሉ ስስና ለስላሳ እንዲሆን በስስ ነጭ ጨርቅ ጥላ ሥር ያድጋል፤ ለትሪፓና ለካፖቴ የታሰበው ግን ፀሐዩን በቀጥታ እየተቀበለ ይበረታል። ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ በዳስ ውስጥ ተሰቅሎ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡና ዓይነት እስኪለወጥ ድረስ ይደርቃል፤ ከዚያም እየተከመረ ይብላላል። ክምሩ በራሱ ሙቀት እየጋለ አሞኒያውንና ጉሮሮ የሚከረክረውን ምሬት ያወጣል። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ እንኳ ወዲያው አይጠቀለልም፤ ሊኼሮው በኩባ ሥርዓት ከሁለት ዓመት ያላነሰ ጊዜ በማረፊያው ይቆያል።

ጠቅላዩ፣ ቶርሴዶር የሚባለው ባለሙያ፣ በጠረጴዛው ላይ ያለው መሣሪያ እጅግ ጥቂት ነው፤ አንድ የእንጨት ገበታ፣ ቻቬታ የተባለ እጀታ የሌለው ስለታም ምላጭ፣ በትንሽ ዕቃ ያለ ሙጫ፣ ከዚህ በቀር እጁ ብቻ። የትሪፓውን ቅጠሎች አንድ በአንድ እያጠፈ በመዳፉ ውስጥ ይሰበስባቸዋል፤ ኃይለኛውን ሊኼሮ በመካከል ያደርገዋል፤ በቅጠሎቹም መካከል ጢሱ የሚያልፍበት ቀጭን መንገድ ይተዋል። አጥብቆ ቢጨብጠው ሲጋሩ አይሳብም፤ አላልቶ ቢተወው ፈጥኖ ነዶ አፍ ያቃጥላል፤ ይህን ልክ የሚያውቀው ጣቱ ነው። በካፖቴ ከጠቀለለው በኋላ በእንጨት ቅርጽ ውስጥ አኑሮ በመጫኛ ሥር ያስቀምጠዋል። ቅርጹን ሲይዝ ያወጣውና፣ ረጠብ ያለውን ካፓ በገበታው ላይ ዘርግቶ፣ ሥሮቹ ወደ ላይ እንዲሆኑ አድርጎ ጠርዙን በምላጩ ይከረክማል፤ ከእግሩ ጀምሮ እየሳበ እስከ ራሱ ይጠቀልለዋል፤ በመጨረሻም ከዚያው ከካፓው ትንሽ ክብ ቅጠል ቆርጦ ራሱን በሙጫ ያሽገዋል። አጫሹ በኋላ የሚቆርጠው ይህችኑ ክብ ቅጠል ነው።

የሐቫና ጠቅላዮች ሌላም የሚያስከብራቸው ልማድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1865 ኤል ፊጋሮ በተባለው ፋብሪካ ተጀምሮ ወደ ሌሎቹ በተዛመተው ሥርዓት መሠረት፣ ሠራተኞቹ ሥራቸውን ሲሠሩ ከፍ ባለ መቀመጫ ላይ የተቀመጠ አንባቢ ጋዜጣና ልብ ወለድ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸው ነበር፤ ደመወዙንም የሚከፍሉት ሠራተኞቹ ራሳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው ሞንቴክሪስቶ ስሙን ያገኘው በዚያ ንባብ ከተወደደው ከአሌክሳንደር ዱማ ድርሰት ነው። ማንበብና መጻፍ ያልተማረ የእጅ ሠራተኛ ታላላቅ መጻሕፍትን በጆሮው የሚያጠናበት እንዲህ ያለ የሥራ ቤት በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም፤ በእኔ አስተያየት ሲጋር ለሰው ልጅ ካስገኘው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የኩባ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ1960 በመንግሥት ከተወረሱ በኋላ ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ጥበቡንና ዘሩን ይዘው ወደ ዶሚኒካን ሪፑብሊክ፣ ወደ ኒካራጓና ወደ ሆንዱራስ ተሰደዱ፤ ስለዚህ ዛሬ መልካም ሲጋር ከኩባ ብቻ የሚመጣ አይደለም።

ለጀማሪ የሚስማማው ለስላሳና መካከለኛ መጠን ያለው ሲጋር ነው። ሮቡስቶ የተባለው መጠን 124 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 20 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው፣ አንድ ሰዓት ከሚሆን ጊዜ በላይ አይፈጅም፤ ረጅምና ወፍራም የሆነውን መምረጥ ግን ለታይታ ካልሆነ በቀር ለጀማሪ ጥቅም የለውም። ባዶ ሆድ ላይ ሊያጨሱት አይገባም፤ ኒኮቲኑ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ራሱን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይቆርጡታል፤ ቢላዋው ከታሸገው ክብ ቅጠል ዝቅ ብሎ ካለፈ ካፓው ተፈትቶ ይበታተናል። የመቁረጫው ዋጋ መክበር ምንም አይጨምርም፤ መሳሉ ግን ግድ ነው።

ሲለኮስ በነዳጅ ላይተርና በሻማ መጠቀም ነውር ነው፤ ሽታቸው ወደ ቅጠሉ ይገባልና። ሽታ የሌለው የጋዝ ላይተር፣ ወይም ድኙ ነዶ እስኪያልቅ የተጠበቀ ረጅም የእንጨት ክብሪት ይበቃል። በመጀመሪያ እግሩን ነበልባሉ ሳይነካው ከላዩ አድርገው፣ እያዞሩ፣ ዳር ዳሩ ዓመድ እስኪመስል ያሞቁታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ አፍ አቅርበው ቀስ ብለው የሚስቡት። ጢሱ በአፍ ውስጥ ይቆይና ይወጣል እንጂ ወደ ሳንባ አይወርድም። በአንድ ደቂቃ አንድ ጊዜ መሳብ በቂ ነው፤ የሚቸኩል ሰው ሲጋሩን ያግለውና ጣዕሙን ወደ ምሬት ይለውጠዋል። ዓመዱን እንደ ሲጋራ ቶሎ ቶሎ ማራገፍ አያስፈልግም። በመጨረሻም ጨፍልቀው አያጠፉትም፤ በመተርኮሻው ላይ ቢተውት በራሱ ጊዜ ይጠፋል፣ ክፉ ሽታም አይተውም።

እዚህ ላይ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ጢሱን ወደ ሳንባ አለመሳብ ከጉዳት ሁሉ ነፃ አያወጣም፤ ሲጋር የአፍን፣ የጉሮሮንና የማንቁርትን ካንሰር ያመጣል፤ አንድ ትልቅ ሲጋርም የአንድ ሙሉ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። በአገራችን ትምባሆ ከጥንት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የተነቀፈ ሲሆን፣ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን በአዋጅ ተከልክሎ ነበር። ዛሬም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስንና ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የትምባሆ ውጤት መሸጥን ይከለክላል። ስለዚህ ያላጨሰ ሰው እንዲጀምር የምመክረው ምክር የለኝም፤ የሚያጨስም ቢሆን ከልጆችና ከሕሙማን ርቆ፣ በውጭ አየር፣ አልፎ አልፎ ብቻ ያድርገው።

ወደ አቀማመጡ እንመለስ። ሲጋር ጠባዩን ጠብቆ የሚኖረው እርጥበቱ ከመቶ 65 እስከ 70 በሆነ፣ ሙቀቱም ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ውስጥ ነው። ከዚህ ሲያንስ፣ ተከፍቶ ያደረ እንጀራ ጠርዙ ደርቆ እንደሚሰነጠቅ ካፓው ይሰነጠቃል፣ መዓዛውን የሚሸከመው ቅባትም ይተናል፤ ሲበዛ ደግሞ ያብጣል፣ አይሳብም፣ ይሻግታል። የአዲስ አበባ አየር በበጋ ደረቅ፣ በክረምት እርጥብ እንደ መሆኑ፣ ዓመቱን ሙሉ ያለ ማኅደር ሊቀመጥ አይችልም።

ማኅደሩ ሂዩሚዶር የሚባለው ሣጥን ነው። ውስጡ የሚለበጠው የስፔን ዝግባ ተብሎ በሚጠራ፣ ነገር ግን በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ በሚበቅል እንጨት ሲሆን፣ እንጨቱ እርጥበትን ይዞ ቀስ እያለ ይሰጣል፣ መዓዛውም ከትምባሆው ጋር ይስማማል። አዲስ ሣጥን የገዛ ሰው ሲጋሩን ወዲያው ቢከትበት ደረቁ እንጨት የቅጠሉን እርጥበት ይመጠዋል፤ ስለዚህ በትንሽ ሰሐን ተንኖ የተጣራ ውሃ አድርጎ፣ ሣጥኑን ዘግቶ፣ እንጨቱ እስኪጠግብ ጥቂት ቀናት መጠበቅ አለበት። የቧንቧ ውሃ በውስጡ ያለው ማዕድን እርጥበት ሰጪውን መሣሪያ ስለሚደፍነው አይሆንም። ሣጥን ለመግዛት ያልፈለገ ሰው አፉ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ ዕቃ ወስዶ፣ እርጥበትን የሚሰጥና የሚቀበል ከረጢት ቢጨምርበት ሥራው ያው ነው፤ እንዲያውም ክዳኑ ከማይገጥም ውድ ሣጥን ይህ ይሻላል።

በማኅደሩ ውስጥ የሚቀመጠው የእርጥበት መለኪያ ብዙ ጊዜ ይዋሻልና ሳይፈተን መታመን የለበትም። የጠርሙስ ክዳን ጨው ሞልተው፣ እንደ ሊጥ እስኪሆን ብቻ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርገውበት፣ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ከረጢት ውስጥ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ያኖሩታል፤ በጨው የሚገዛ አየር እርጥበቱ 75 ከመቶ ስለሆነ፣ መለኪያው ከዚያ የወጣበትን ያህል ስሕተቱን ያውቃሉ። ማቀዝቀዣ ለማኖሪያ አይሆንም፤ አየሩ ደረቅ ነው፣ የምግብ ሽታም ይገባበታል።

ከድርቀት የማያንስ ጠላት የትምባሆ ጥንዚዛ ነው። እንቁላሉ በቅጠሉ ውስጥ ተሰውሮ ይቆይና ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ ሊፈለፈል ይችላል፤ በካፓው ላይም የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ምልክት ይታያል። ያን ጊዜ ሲጋሮቹን ሁሉ በጥብቅ በታሸገ ከረጢት አድርገው ሦስት ቀን በበረዶ ቤቱ፣ አንድ ቀን በማቀዝቀዣው ካቆዩአቸው በኋላ ወደ ቤቱ ሙቀት ይመልሷቸዋል፤ በችኮላ ከበረዶ ወደ ሙቀት የወጣ ካፓ ይፈነዳል።

መንገደኛም የሚያስበው ይህንኑ የእርጥበትና የሙቀት ነገር ነው። የአውሮፕላን አየር እጅግ ደረቅ ስለሆነ፣ ሲጋሩን ስፖንጅ በተነጠፈበት ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ይህ ቢጠፋ በሚታሸግ ከረጢት፣ ከእርጥበት ሰጪ ጋር አድርጎ በእጅ ሻንጣው ይያዝ። ነበልባሉ እንደ ችቦ የሚወረወር ላይተር በአሜሪካ ደንብ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ ከአውሮፕላን አይገባም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ሲጋር፣ በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይበላሻል። ከጉዞ የደረሰውንም ወዲያው ከመለኮስ ይልቅ ጥቂት ቀን በማኅደሩ ማሳረፍ ይገባል።

ስለ ጉምሩክ ደግሞ፣ ከኅብረቱ ውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር የሚገባ ጎልማሳ መንገደኛ ሌላ ትምባሆ ካልያዘ 50 ሲጋር ያለ ቀረጥ ያስገባል፤ ወደ አሜሪካ የሚገባው መጠን እስከ 100 ነው። ነገር ግን ከሐቫና ወይም ከሌላ አገር ገዝተው ወደ አሜሪካ ለመግባት ያሰቡ ወገኖቻችን፣ በኩባ የተሠራ ሲጋር ለግል መጠቀሚያም ቢሆን ይዞ መግባት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 24 ቀን 2020 ጀምሮ የተከለከለ መሆኑን አውቀው ሻንጣቸውን ያዘጋጁ።