ባሮክ ከሮማ እስከ መርካቶ

«ባሮክ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በወርቅ ያጌጠ የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ነው። «ታዲያ ይሄ ከመርካቶ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ሕንፃው ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ እናገኘዋለን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

ቃሉ «ባሮኮ» ከሚለው የፖርቱጋል ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ ቅርጹ ያልተስተካከለ ሉል ማለት ነው። የአሠራሩ መነሻ የ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ቦታውም ሮማ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በዚያን ጊዜ ብዙ ምእመናን ወደ ፕሮቴስታንት ስለሄዱባት፣ የሰውን ልብ በዓይኑ በኩል ለመሳብ ፈለገች። ስለሆነም ጉልላቱ ከፍ አለ፣ ግድግዳው ተጠማዘዘ፣ ብርሃኑም ከላይ እንዲወርድ ተደረገ። ለዚህ መንገድ ከጠረጉት አንዱ በ1584 የተፈጸመው የኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን ኢል ጄዙ ነው።

ነገሩ በሕንፃ ብቻ አልቀረም። ጳጳሱ ሲክስተስ 5ኛ (1585–1590) በሮማ ቀጥ ያሉ ረጃጅም ጎዳናዎችን አስቀየሱ፤ በአደባባዮችም የጥንት የግብፅ ሐውልቶችን አስተከሉ። መንገደኛው ዓይኑን ወዴት እንደሚጥል ከሩቁ ተወሰነለት ማለት ነው። ዘዴውን ነገሥታትም ወደዱት፤ የሉዊ 14ኛ ቬርሳይ ምስክር ነው። እንግዲህ ቀጥ ያለ ጎዳና ያምራል፤ የገዢንም ኃይል ያሳያል።

በአገራችንስ? በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ላይ፣ የዘመኑን የአውሮፓ አሠራር ይዘው በድንጋይና በኖራ ገነቡ። በ1632 ንጉሡ የካቶሊክን የመንግሥት ሃይማኖትነት ሲሽሩ የእነሱም ነገር አበቃ፤ አፄ ፋሲል ከአገር አስወጧቸው። የኖራ ግንብ ሥራ ግን በጎንደር ቀጠለ።

የጎዳናው ዘዴ የመጣው ደግሞ በጦርነት ነው። ፋሺስት ኢጣልያ በ1936 አዲስ አበባን ስትይዝ፣ ጉዊዲና ቫሌ የተባሉ አርክቴክቶች የከተማ ፕላን አወጡ። ፕላኑ ትላልቅ ጎዳናዎችን ይዘረጋል፤ ነጩንና አገሬውንም በየሰፈሩ ይለያል። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያም ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ፤ መርካቶ የሚባለው ይኸው ነው፤ ቃሉም በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ እርስ በርሱ የሚቋረጥ የመንገድ ቅያስ ከባሮክ በፊትም ነበር። ከባሮክ የተወረሰው ጎዳናን የሥልጣን መግለጫ ማድረጉ ነው።

ይሁን እንጂ ወረራው በ1941 ሲያበቃ ገበያው አልፈረሰም። ነጋዴውና ሸማቹ በራሳቸው ቋንቋ ከፋፈሉት፦ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያሉ። መርካቶ የሄደ ሰው በአብዛኛው የሚጠይቀው የመንገድ ስም ሳይሆን ተራውን ነው። ሌላ የከለለውን መስመር ሕዝቡ በሥራው የራሱ አደረገው።

ለእኛ ለመምህራን ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ተማሪው «ባሮክ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የዓምድና የጉልላት ዝርዝር ቢሸመድድ ፈተና ያልፍ ይሆናል፤ ከተማውን ግን አያነብም። ይልቅስ ከቸርችል ጎዳና ታችኛው ጫፍ ቆሞ ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ እንዲመለከት እናድርገው። ከዚያም መርካቶ ገብቶ የተራዎቹን ካርታ በእጁ ይንደፍ። ሁለቱን አስተያይቶ «ይህን መንገድ ማን ቀየሰው? ለማን? ዛሬስ ማን ይሠራበታል?» ብሎ ከጠየቀ፣ ትምህርቱ ገብቶታል።