በአቶም እምብርት ውስጥ ያለው ትንቅንቅ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1938 ከበርሊን የተላከ ደብዳቤ በስዊድን በስደት ላይ የነበሩትን የፊዚክስ ሊቅ ሊዝ ማይትነርን ግራ አጋባቸው። ለሠላሳ ዓመታት ያህል አብረዋቸው የሠሩት ኬሚስት ኦቶ ሃን፣ ከባልደረባቸው ፍሪትዝ ሽትራስማን ጋር ዩራኒየምን በኒውትሮን ሲደበድቡ ባሪየም እንዳገኙ ጽፈው ማብራሪያ ይጠይቁ ነበር። የዩራኒየም አቶም 92 ፕሮቶኖች አሉት፤ የባሪየም ግን 56 ብቻ ነው። ከአቶም እምብርት፣ ማለትም ከኒውክሊየስ፣ ትንንሽ ቅንጣቶች ሲፈነጠሩ ከታየ ቆይቷል። እምብርቱ ራሱ ለሁለት ይከፈላል ብሎ የሚያምን ግን አልነበረም ማለት ይቻላል።

እንዲህ መታመኑ ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1909 በማንቸስተር ሃንስ ጋይገርና ኧርነስት ማርስደን የአልፋ ቅንጣቶችን ወደ ስስ የብረታ ብረት ቅጠል ሲልኩ አብዛኞቹ ምንም እንዳልገጠማቸው አልፈው ሄዱ፤ ከብዙ ሺዎች አንዱ ግን ወደ መጣበት ተመለሰ። መምህራቸው ኧርነስት ራዘርፎርድ በ1911 የደረሱበት መደምደሚያ ግልጽ ነበር፤ የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ የተከማቸው ከአቶሙ ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ በሚያንስ እምብርት ውስጥ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የኒውክሊየስ ቁስ ብቻውን ሊመዘን ቢቻል ከ200 ሚሊዮን ቶን በላይ በሆነ ነበር።

በዚህች ጠባብ ስፍራ ሁለት ኃይሎች ይተናነቃሉ። ፕሮቶኖች ሁሉም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ፕሮቶኖችንና ሙል አልባዎቹን ኒውትሮኖች አስተሳስሮ የሚይዛቸው ጠንካራው የኒውክሌር ኃይል በቅርብ ርቀት ተወዳዳሪ የለውም፤ ነገር ግን የሚደርሰው ጎረቤት ቅንጣት ድረስ ብቻ ነው። ግፊያው ግን ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። ስለዚህ እምብርቱ በከበደ ቁጥር ኒውትሮን እየበዛ ቢያግዘውም መረጋጋቱ እየሳሳ ይሄዳል። በብረት አካባቢ ያሉት እምብርቶች እጅግ የጠበቁ ናቸው፤ ዩራኒየም ግን ከገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ያህል ነው።

ማይትነር ከእህታቸው ልጅ ከኦቶ ፍሪሽ ጋር በበረዶ ላይ ሲጓዙ በግንድ ላይ ተቀምጠው በብጣሽ ወረቀት ያሰሉት ይህንኑ ነው። ከባዱ እምብርት እንደ ውሃ ጠብታ ሊወዛወዝ፣ ወገቡ ሊቀጥንና ሊበጠስ ይችላል። የተከፈሉት ሁለቱ ቁራጮች በድምሩ ከመጀመሪያው ይቀልላሉ፤ የጎደለው ክብደት የአንድ ፕሮቶን አምስተኛ ገደማ ሲሆን፣ በአንስታይን ቀመር ወደ ኃይል ሲለወጥ 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል። አንድ የካርቦን አቶም ሲቃጠል የሚሰጠው አራት ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ በሚሊዮኖች እጥፍ ይቆጠራል።

ይኸው ስሌት በዛሬው ባሕረ ሰላጤ ቤት ውስጥ አምፖል ያበራል። በአቡ ዳቢ የአል ዳፍራ ክልል የሚገኘው የባራካ ጣቢያ አራተኛው ማብላያ በሴፕቴምበር 2024 ሥራ ሲጀምር፣ ጠቅላላ አቅሙ 5,600 ሜጋ ዋት ደርሶ የሀገሪቱን የኤሌክትሪክ ፍላጎት ሩብ ያህሉን መሸፈን ጀመረ። በውስጡ የሚሆነው በመሠረቱ ቀላል ነው፤ የዩራኒየም እምብርቶች ይሰነጠቃሉ፣ ሙቀታቸው ውሃን ያሞቃል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል። አስቸጋሪው ክፍል ከእያንዳንዱ ስንጥቅ የሚወጡትን ኒውትሮኖች መቆጣጠር ነው። ልጓም ካጡ ውጤቱ ሂሮሺማ ላይ በ1945 ታይቷል።

የ1944ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሃን ብቻ ተሰጠ፤ የማይትነር ስም ከሽልማቱ መቅረቱ ዛሬም የሚያከራክር በደል ነው። በ1982 በጀርመን ዳርምሽታት ሳይንቲስቶች ብረትን ከቢስሙዝ ጋር አጋጭተው 109 ፕሮቶኖች ያሉት አንዲት አቶም አገኙ፤ በኋላም ንጥረ ነገሩ በእርሳቸው ስም ማይትነሪየም ተባለ። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ከታወቁት ዓይነቶቹ ረጅም የሚቆየው እንኳ ግማሹ በሰከንዶች ውስጥ ይፈራርሳል።