ሆሳዕና ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል

ጅቡቲ ወደብ ላይ የተጣደ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። ያንኑ ውሃ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ሆሳዕና ብንጥደው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ መንተክተክ ይጀምራል። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይሳሳል፤ ውሃውን የሚጫነው ክብደት ስለሚቀንስ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ያን ያህል ሙቀት አይፈልግም። ይህ ልዩነት ወጥ ለሚሠራ ሰው ጥቂት ተጨማሪ ማገዶ ቢያስወጣ ነው። ለሹፌር ግን ሞተር የመትረፍ ወይም የመንከስ ጉዳይ ነው።

በጤናማ ሞተር ውስጥ የሚዞረው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ይሞቃል። ይህን ከ93 ጋር ያስተያዩት። የራዲያተሩ አፍ ክፍት ቢሆን ኖሮ ምንም ብልሽት የሌለበት መኪና እንኳ ሆሳዕና መናኸሪያ ሳይደርስ ይፈላ ነበር። ይህ እንዳይሆን የሚከለክለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። በክዳኑ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ውሃውን አፍኖ ይይዘውና ከውጭው አየር በላይ 0.9 ባር ያህል ግፊት እንዲፈጠር ያደርጋል። በዚህ ግፊት ሥር ያለ ውሃ ሆሳዕና ላይም ቢሆን 114 ዲግሪ ገደማ ሳይደርስ አይፈላም። ስፕሪንጉ ሲላላ ወይም የክዳኑ ጎማ ሲሰነጠቅ ግን ያ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል። ቆላ ላይ ብዙም ሳያስቸግር የቆየ ያረጀ ክዳን፣ ደጋ ሲወጣ የሚያጋልጠው ይህ ነው።

ከሐላባ ቁሊቶ ተነሥቶ ወደ ሆሳዕና ወይም ወደ ዱራሜ የሚወጣ መኪና ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይጫኑታል። ዳገቱ ሞተሩን ያስጨንቃል። ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ፊት ለፊት የሚገባው ነፋስ ያንሳል፣ ሥራው ሁሉ በቬንቲላተሩ ላይ ይወድቃል። በዚህ ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቬንቲላተሩ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት አነስተኛ ነው። ሙሉ ድንች ወይም ስንዴ ጭኖ በከባድ ማርሽ የሚያዘግም አይሱዙ በዚህ መንገድ ላይ ቢሞቅ ሊደንቀን አይገባም።

ያን ጊዜ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መኪናው ዳር ይይዛል፣ ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ይሮጣል፣ ክዳኑ በጨርቅ ተይዞ ይከፈታል። እዚህ ላይ አጥብቄ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። በግፊት ታፍኖ 110 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ክዳኑ በተከፈተበት ቅጽበት ግፊቱን ያጣና ከመፍያ ነጥቡ በላይ ሆኖ ይገኛል። ራዲያተሩና ሞተሩ የያዙት 10 ሊትር ነው ብንል፣ ከዚያ ውስጥ 0.3 ሊትር ያህሉ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ይህ 0.3 ሊትር ውሃ ከ600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣዋል፣ ሦስት በርሜል ሙሉ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በዚያች ጠባብ አፍ ሲወጣ የፈላውን ውሃ ፊትና ክንድ ላይ ይረጫል። ሞተሩን አጥፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ጌጁ ወረደ ብሎ መጽናናትም አደገኛ ነው። የሙቀት ጠቋሚው የተሠራው ውሃ ውስጥ ተነክሮ እንዲያነብ ነው። ውሃው ጎድሎ ጠቋሚው በእንፋሎት ወይም በአየር ከተከበበ፣ ሞተሩ እየተቃጠለ ጌጁ ዝቅ ሊል ይችላል። ሲጨምር የነበረ ሙቀት ያለ ምክንያት ድንገት ከወረደ ቁሙ።

ውሃ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ መዞርም አለበት። ሞተሩ ሲሞቅ የላይኛው ማኒኮቶ ግሎ የታችኛው ቀዝቃዛ ሆኖ ከቀረ፣ ወይ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም፣ ወይ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይ ፖምፓው ውሃውን አልገፋም። ከቆይታ በኋላ ጠዋት ላይ ማኒኮቶው ተሟሽሾ ከተገኘ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃ ከማጠራቀሚያው መልሶ የሚያስገባው የክዳኑ ትንሽ ቫልቭ ተጣብቋል። የላላ ቺንጋ ፖምፓውንም ቬንቲላተሩንም በአንድ ላይ ያዳክማል። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ተነሥቶ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ ነጥቶ አረፋ ከሠራ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መበላቱን መጠርጠር ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ጋራዥ ነው፤ ውሃ መጨመር አይረዳም።

መኪና በሞቀ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥቶ የመጣል ልማድ መቆም አለበት ብዬ አምናለሁ። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ በራዲያተሩ በኩል የማያልፈውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። እሱ ሲወጣ ከፊሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ በአቋራጩ ይዞራል፣ ሙቀቱም ይብሳል። ሌሎቹ ሞተሮች ደግሞ በሆሳዕና ብርድ ጠዋት ሳይሞቁ ብዙ ይሄዳሉ፤ ነዳጅ ይበላሉ፣ ቶሎም ያልቃሉ።

የጀልባ ሞተር ነገሩን በሌላ መንገድ ፈቶታል። አባያና ጫሞ ሐይቆች ላይ የሚሠሩት ትንንሽ ሞተሮች ራዲያተር የላቸውም። ከታች በጎማ ክንፍ የሚሠራ ፖምፓ የሐይቁን ውሃ ይስባል፣ ሞተሩን አቀዝቅዞ መልሶ ሐይቁ ውስጥ ይጥለዋል። ከኋላ የምትፈስ ቀጭን የውሃ ጅረት አለች፤ እሷ ከተቋረጠች ሞተሩ ወዲያው እንዲጠፋ ይደረጋል፣ መግቢያው በሣር ወይም በፌስታል ተደፍኖ እንደሆነ ይታያል፣ ካልሆነም የጎማው ክንፍ ይመረመራል። አባያ ደግሞ ደለል የበዛበት ቀይ ሐይቅ ነው። ቢላቴ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ የሐዲያን፣ የከምባታንና የሐላባን ውሃ ሰብስቦ የሚገባው እዚያ ነው። ከእኛ ማሳ የታጠበው አፈር ታች የጀልባውን ፖምፓ ይፍቃል።

ይኸው የወንዝ ውሃ ራዲያተር ውስጥም ገብቶ ይጎዳል። ደለሉ ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይደፍናል፣ በውሃው ውስጥ የሟሟው ካልሲየም በሙቀት ተለይቶ ግድግዳው ላይ ይጋገራል። ይህ ቅርፊት ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከሞተሩ ብረት በ20 እጥፍ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ ስስ ሽፋን እንኳ ሙቀቱን ሞተሩ ውስጥ ያግተዋል። ንጹሕ ሆኖ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከወንዝም ከጉድጓድም ይሻላል። ኩላንት በእኩል መጠን ሲቀላቀልበት ደግሞ የመፍያ ነጥቡን ወደ 7 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትም ይከላከላል።

በሚቀጥለው ሰርቪስ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ክዳኑን አውጥተው ጎማውንና ስፕሪንጉን ይመልከቱ። ከተሰነጠቀ ወይም ከላላ ይቀይሩት፤ ሲቀይሩም ላዩ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ፋብሪካው ለመኪናዎ ካዘዘው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።